ከቁርጥማት እስከ ልብ ድካም፦ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምርምር ታሪክና የጎጃም ደጋ

ቁርጥማት በጎጃም ደጋ የአዛውንቶች ሕመም ተደርጎ ይቆጠራል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች አንድ አባት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ብርዱንና ዕድሜያቸውን ይወቅሳሉ፤ በዚህም የሚደነቅ ሰው የለም። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ዛሬ ጉልበቱ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም ክርኑ እያበጠ ሲያተኩሰው ነገሩ ሌላ ነው። በቅቤ ይታሻል፤ ጠበል ይጠጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ይድናል። የሚያሳስተውም መዳኑ ነው። መገጣጠሚያው ምንም ምልክት ሳይቀርበት ወደ ቀድሞ ይዞታው ሲመለስ፣ በዚያው ሰሞን የተቆጣው የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይይዛል። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳው እየወፈረና እየጠነከረ ይሄድና ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ፣ ወይም ልጅቱ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ በልብ ድካም መልክ ይገለጣል። በዚያን ጊዜ የልጅነቱን ቁርጥማት የሚያስታውስ ሰው እምብዛም አይገኝም።

የነገሩ መነሻ ከመገጣጠሚያውም ከልቡም የራቀ ነው። ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚሆናቸው ልጆች ላይ የጉሮሮ ሕመም ሲያስከትል፣ የባክቴሪያው ፕሮቲን ከልብ ሕብረ ሕዋስ ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ያዘጋጀው መከላከያ የራሱን ልብ ያጠቃል። ለባክቴሪያው የሚመቸው መጨናነቅ ነው። በአንድ ጎጆ ብዙ ሆኖ ማደር፣ ብርዱን ለመከላከል በር ዘግቶ በእሳት ዙሪያ መሰብሰብ ደግሞ የደጋው ኑሮ ነው። የጉሮሮ ሕመሙም ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ በሰሜኑ ደጋ በብዙ ቤት ለልጅ ጉሮሮ ሕመም መፍትሔው እንጥል ማስቆረጥ ሆኖ ኖሯልና። ይህ ልማድ ደም መፍሰስንና ቁስል መመረዝን እንደሚያስከትል የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ብዙም የማይነገርለት ጉዳቱ ግን ጊዜ መውሰዱ ነው። ፔኒሲሊን የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ቢሰጥ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይችላል፤ እነዚያ ቀናት የሚያልፉት የተቆረጠው እንጥል እስኪሽር ሲጠበቅ ነው።

ይህን በሽታ በኢትዮጵያ የመፈለጉ ታሪክ የመሣሪያዎች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ፣ ከባልደረባቸው ከጎርደን ጋር፣ ብዙ ሰዎችን በአነስተኛ የኤክስሬይ ፊልም በማንሳት የልብ ሕሙማንን የመለየት ሥራ አካሂደው ውጤቱን በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን አሳትመዋል። ለጊዜው ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ኤክስሬይ የሚያሳየው የልብን ጥላ ነው፤ በጥላው መስፋት የሚታወቅ ሕመምተኛ ቫልቩ ከተጎዳ ብዙ ጊዜ ያለፈው ነው። ቀጥሎ የመጣው የጆሮ ዘመን ነው። ቀልቤሳ ኦሊና ባልደረቦቻቸው የልብን ድምፅ በማዳመጥ በተማሪዎች ላይ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በ1992 በታተመው በአንድ የገጠር ከተማ ከ1,000 ተማሪዎች 4.6፣ በ1999 በታተመው ደግሞ በአዲስ አበባ ከ1,000 ተማሪዎች 6.4 የሚሆኑት የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አመለከቱ።

ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮካርዲዮግራፊ መጣ። በማናቸውም አንድ ሐኪም ስም ከመጥራት ይልቅ ውጤቱን መጥቀስ ይበቃል፦ በ2016 የታተመውና በተለያዩ የአገሪቱ አካባቢዎች 3,238 ተማሪዎችን ያካተተው ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች 19 የሚሆኑት ምልክቱ እንዳለባቸው አሳየ። ከአንድ ዓመት በኋላ በጅማ ገጠር፣ ፓሪና ሰር ማግዲ ያቁብ በተሳተፉበትና ከትምህርት ቤት ይልቅ ከኅብረተሰቡ ውስጥ ልጆችንና ወጣቶችን በመረመረው ጥናት ቁጥሩ ከ1,000 ሰው 37.5 ደረሰ። እነዚህን ቁጥሮች ተከታትሎ ያነበበ ሰው በሽታው በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ ጨመረ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። የተመረመሩት ሰዎች ዕድሜና አካባቢ ይለያያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮ የማይሰማውን ዐይን አየ። ድምፅ የሌለው፣ ልጁንም ገና ያላሳመመው የቫልቭ ጉዳት ቀድሞም ነበረ፤ የሚያሳየው መሣሪያ ግን አልነበረም።

መሣሪያው ብቻ ሳይሆን የሚመረመረው ሰው የሚፈለግበት ቦታም ውጤቱን ይወስናል። በትምህርት ቤት የሚካሄድ ጥናት የሚያገኘው የተመዘገበውንና ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ አቅም ያለውን ልጅ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዋሸራን የመሳሰሉ ጉባኤ ቤቶች ከየአቅጣጫው የሚመጡ ተማሪዎችን ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነው፤ ከወላጆቹ ርቆ በጠባብ ጎጆ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ያድራል፤ በቂ ምግብና ልብስ የለውም። ስትሬፕቶኮከስ የሚፈልገው ሁሉ እዚያ አለ፤ በትምህርት ቤት ስም ዝርዝር ላይ ግን ስሙ አይገኝም። ከብት ጠባቂው ልጅ፣ በጊዜ የተዳረችው ልጅም እንዲሁ ናቸው።

የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ2004 ባወጣው የኦሊና የአስመራ ጽሑፍ፣ የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም የከፋ ጠባይ ይኖረው ይሆን የሚል ጥያቄ በርእስነት ቀርቦ ነበር። በ2006 ላንሴት ላይ የወጣ አጭር ዘገባም በገጠሪቱ ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ሕሙማን ከ100 ከ12 በላይ የሚሆኑት በየዓመቱ እንደሚሞቱ ገለጸ። የባክቴሪያው ዝርያ ወይም የሰውነት ተፈጥሮ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን መከላከያ መርፌ ያላገኘ፣ በየክረምቱ ጉሮሮው የሚታመም ልጅ በሽታው ቢከፋበት ምሥጢሩን ከሩቅ መፈለግ አያሻም።

መርፌው እኮ አሮጌ ነው። በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ የጦር ሠፈር የተካሄደው ጥናት የጉሮሮ ሕመምን በፔኒሲሊን ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳየ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚገባው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተገኘና በወር አንድ ጊዜ በመርፌ ሕመሙ እንዳይመለስ ማድረግ ተቻለ። የተጎዳውን ቫልቭ መጠገኑም በቀዶ ሕክምና፣ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ በፈለሰፉት ፊኛ ተሻሽሏል። በአገራችን ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን አቋቁመው፣ ለዓመታት ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር ሲያስልኩ ከቆዩ በኋላ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉ የብዙዎችን ሕይወት ታድጓል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ ሕመምተኛ በደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የጎሐ ጽዮንን ዳገት ወጥቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ የሚያገኘው ይህንኑ ተራ ነው።

የቅርብ ዓመታት ምርምር ዐይንን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወደ መርፌው ክፍል መልሶታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ 12 የአፍሪካ አገሮች ከሕንድና ከየመን ጋር የተሳተፉበት ሬሜዲ የተባለው ጥናት 3,343 ሕሙማንን መዝግቦ ነበር፤ ግማሽ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት በታች፣ ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 17 የሚጠጉት ሞቱ። ፔኒሲሊን በመከላከያነት ይወስዱ የነበሩት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ቢሉ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ የተካሄደውና ጎል የተባለው ጥናት ደግሞ ከ100,000 በላይ ልጆችን በኢኮ መርምሮ፣ ገና ስሜት ያላሳየ ጉዳት የተገኘባቸውን 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ካገኙት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ጉዳቱ የባሰባቸው ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ካላገኙት ከ100 ስምንት ያህል ናቸው። ኢንቪክተስ በተባለውና በ2022 በወጣው ጥናትም፣ ከቫልቭ ጉዳት ጋር ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ባለባቸው ከ4,500 በላይ ሰዎች ላይ አዲሱ ሪቫሮክሳባን ከአሮጌው ዋርፋሪን ጋር ተነጻጸረ። ብዙዎች አዲሱ ይረታል ብለው ጠብቀው ነበር። ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 552፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት 442 ሞቱ። ምክንያቱ አሁንም ያከራክራል።

አሮጌዎቹ መድኃኒቶች ረቱ ማለት ሥራው ቀለለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ተመላላሽ ይፈልጋሉ። የዋርፋሪን ክትትል የሚያስፈልገው የአይ.ኤን.አር. ምርመራ በየጤና ጣቢያው የለም። አንድ የአገር ቤት ነገርም አለ፦ የጾም ወራት ሲገባ ጎመን በማዕድ ላይ ይበዛል፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። መጠኑን የሚወስን ባለሙያ ከላቦራቶሪው ወረቀት ጋር የጾሙንም ወቅት ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የፔኒሲሊኑ መሰናክል ሌላ ነው፤ ፍርሃት። መርፌውን በወሰደ በደቂቃዎች ውስጥ የሞተ ሕመምተኛ ወሬ በአንድ ወረዳ ከተሰማ፣ መርፌውን የሚወጋ ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል። ሞቱ ሁልጊዜ የአለርጂ ውጤት ተደርጎ ይወሰድ ነበር። በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ምክር ግን፣ ሞቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ቫልቮቻቸው ክፉኛ በጠበቡ ወይም የልባቸው አቅም በደከመ ሕሙማን ላይ መሆኑን፣ መንስኤውም ከአለርጂ ይልቅ በሕመሙና በድንጋጤው ሳቢያ የደም ግፊትና የልብ ምት በድንገት መውረድ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ስለዚህ እንዲህ ላሉት ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ፣ ሌሎቹም ውኃ ጠጥተው፣ ተኝተውና ሕመሙ ቀንሶላቸው እንዲወጉ ይመክራል። ለአለርጂ መዘጋጀት አይቀርም። ይሁንና በአንድ ሕመምተኛ ሞት ምክንያት መርፌውን ለሁሉም መከልከል፣ ጉዳታቸው ቀላል ለሆነውና ከመርፌው ይበልጥ ለሚጠቀሙት ልጆች በሩን መዝጋት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የሴቶቹ ጉዳይ ነው። በጎጃም ሴት ልጅን በጊዜ መዳር የቆየ ልማድ ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ ሚትራል ቫልቯ የጠበበባት ሴት ደግሞ ይህን ጭማሪ ማሳለፍ አትችልም፤ ደሙ ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ማታ ማታ ተቀምጣ የምታድር ነፍሰ ጡር ብርድ መታት፣ አስም ነው፣ እርግዝናው ከበዳት ትባላለች። በሬሜዲ ከተመዘገቡት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት ከ100 አራት አይሞሉም፤ ዋርፋሪን ፅንስን የሚጎዳ መድኃኒት ሆኖ ሳለ። በእርግዝና ክትትል ክፍል የሚሠራ አዋላጅ ነርስ ስቴቶስኮፑን በልቧ ላይ ማሳረፍ ከኢኮ በፊት የሚቻል ነገር ነው።

በ2015 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ባስተናገደው ስብሰባ ሰባት እርምጃዎችን የያዘ መግለጫ ወጣ፤ ሕሙማንን መመዝገብና የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦትን ማረጋገጥ ከነሱ መካከል ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 ውሳኔ አሳለፈ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 መመሪያ አወጣ። በእጅ የሚያዝ ኢኮም አሁን ከሐኪም ውጪ ባሉ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ለልየታ ሊያገለግል ይችላል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ እንዲህ ያለ ልየታ ሲታሰብ ግን ከመሣሪያው በፊት የሚከፈተው የመርፌው መዝገብ ሊሆን ይገባል፤ ልጅ በሽታ አለብህ ተብሎ መርፌ ካጣ የተረፈው ጭንቀት ብቻ ነውና። የኡጋንዳው ውጤት የተገኘው መርፌው ከሞላ ጎደል ሳይጓደል በመሰጠቱ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የመድኃኒት ጭነት ሲዘገይ፣ ጤና ጣቢያዎች ሥራቸው ሲስተጓጎል ቆይቷል። በሰውነት ውስጥ ያለው ፔኒሲሊን ግን ከአራት ሳምንት በኋላ አይጠብቅም።