ጎፈር የደፋው ሳክስፎን

እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ ወጣት ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ዓይናቸውን የተኳሉ፣ ፊታቸው ላይ ብልጭልጭ የነሰነሱ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የተጫሙ ወንዶች ጊታር ሲገርፉ ያይ ነበር። ግላም ሮክ ይሉታል። የማርክ ቦላን ባንድ ቲ. ሬክስ ከአንድ ዓመት በፊት በሩን ከፍቶለት፣ ስሌድ፣ ስዊትና ሮክሲ ሙዚክ ግር ብለው ገብተዋል። ዴቪድ ቦዊም ፀጉሩን ቀይ ቀለም ነክሮ፣ ዚጊ ስታርደስት የተባለ ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ሆኖ ብቅ ብሏል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ፊሊፕስ አንድ ሸክላ አወጣ። ባለሙያው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ተብሏል። ሰውየው ጌታቸው መኩርያ ነው፤ የይፋት ልጅ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ጌታቸውም ልብሱ የሚወራለት የመድረክ ሰው ነበር። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ የጦረኛ ለምድ ደርቦ፣ ቴነር ሳክስፎኑን አንግቦ ይወጣል። ልዩነቱ ልብሱ የመጣበት ነው። የግላም ሮክ ሰዎች ያማራቸውን ከያለበት ለቃቅመዋል፤ ቦዊ እስከ ጃፓን ካቡኪ ቴአትር ድረስ ሄዷል። የጌታቸው ልብስ ግን ባለቤት ነበረው። በአገራችን ወግ ጎፈር የሚደፋው አንበሳ የገደለ፣ ወይም በጦር ሜዳ ስም ያተረፈ ጀግና ነው። ጎፈር ደፍቶ ዝም ብሎ መቆምም ነውር ነው፤ «ዘራፍ!» ማለት፣ የፈጸሙትን ጀብዱ መቁጠር፣ የአባትን ስም መጥራት ይጠበቃል።

ይህ የሽለላ ወግ በሰሜን ሸዋ የቤት ልጅ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ በእንግሊዝ ሥር ከነበረው የቦምቤይ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው አንጎለላ የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል፤ ከንጉሡ ጋርም ዘምቷል። እንግሊዞች እንግዲህ ወንድ አጊጦና ተኩራርቶ አደባባይ ሲወጣ ለማየት ቲ. ሬክስን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ ከ130 ዓመት በፊት ሸዋ ላይ አይተውታል።

የጌታቸው የልደት ቀን መጋቢት 5 ቀን 1927 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል። ዕለቱ የአቦ ክብረ በዓል ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕላቸው ላይ በአንበሶችና በነብሮች ተከበው የሚታዩ ጻድቅ መሆናቸውን ሳስብ፣ ኋላ ጎፈር የሚደፋ ሰው በዚህ ቀን መወለዱ ደስ ይለኛል፤ ከደስታዬ ውጭ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። ትርጉም ያለው የመጣበት ዘመን ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አገሪቱን ወረረች። ይፋት፣ መንዝ፣ ተጉለትና ቡልጋ የእነ ራስ አበበ አረጋይ አርበኞች የሚወጡበትና የሚወርዱበት አገር ሆኑ። በዚያ አምስት ዓመት ሽለላ የድሮ ጊዜ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ሰው ከሞት ጋር የሚነጋገርበት ሆነ።

ጌታቸው በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። ሳክስፎንና ክላርኔት የተማረው አዲስ አበባ ገብቶ ሲሆን፣ በ1941 ዓ.ም. ገደማ ገና በ14 ዓመቱ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ተቀላቀለ። የትንፋሽ መሣሪያ በከተማዋ ያኔ እንግዳ አልነበረም። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ በመጣው ስጦታ ተጀምሮ፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ባመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ተጠናክሮ፣ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ድረስ ዘልቋል። ጌታቸው በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ።

ትልቁን ሥራ የሠራው ቴአትር ቤቱ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ሽለላ የድምፅ ሥራ ነበር፤ ሸላዩ ይሸልላል፣ ሙዚቀኛው ከኋላ ያጅባል። ጌታቸው ሸላዩን ከመሀል አውጥቶ ቦታውን ለሳክስፎኑ ሰጠው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪነቱን የሚያውቀው ግን ሲፎከር የሰማ ሰው ነው። ፎካሪ በቋሚ ምት አይሄድም። ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ደራርቦ ያዘንበዋል፣ ድንገት ይቆርጠዋል፣ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ሰው ሲያጨበጭብና እልል ሲል ደግሞ ካቆመበት ከፍ አድርጎ ይነሣል። ኦርኬስትራ የሚሠለጥነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቁጠር፣ ከጓደኛህ ጋር ግባ፣ ከጓደኛህ ጋር ውጣ ነው ትምህርቱ። ጌታቸው ኖታ በሚነበብበት ቤት ቁጭ ብሎ ኖታ የማይዘውን ነገር ነፋ። ድምፁ ሰፊና የሚንቀጠቀጥ ነው፤ እያገሳ ይነሣል፣ ከላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ሐረጉ የሚያልቀው ምቱ ስላለቀ ሳይሆን ትንፋሹ ስላለቀ ነው። ከስሩ ያለው ባንድ እየዞረ አንዱን ነገር ሲደጋግም እሱ ከላይ እንደ ልቡ ይሄዳል።

ጎፈሩን ያጠለቀው ለዚህ ነው። ሸላዩ የለም፤ የሸላዩን ቃል የያዘው መሣሪያው ነው። ስለዚህ ክብሩንም ልብሱንም የሚወርሰው ነፊው ይሆናል። ልብሱን ለማድመቂያ የተጨመረ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በሱፍና በከረባት ሆኖ ያንን ድምፅ ቢያወጣ ኖሮ ነበር ነገሩ ትርዒት የሚመስለው።

የውጭ ጸሐፊዎች ሸክላውን ዘግይተው ሲሰሙት መጀመሪያ የመጣላቸው የአሜሪካ ነፃ ጃዝ፣ በተለይ ሳክስፎን ነፊው አልበርት አይለር ነው። ንጽጽሩ ክብር ነው፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጣል። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ አይለር ስሙን የተከለው በ1964 ነው። አንዱ ከሌላው አልተማረም። አይለር ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከወታደር ማርሽ የቀዳውን ጩኸት፣ ጌታቸው ከይፋት ፎካሪ ቀድቶታል።

ከአብዮቱ በኋላ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አንገቱን ያዘው፤ ሸክላ ማሳተምም ብዙ አልቆየም። በእንግሊዝ ግላም ሮክ ያለቀለት ያለ ሰዓት እላፊ ነው፤ ወረቱ አለፈ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ኩሉ ታጠበ። የጌታቸው ሁለተኛ ዕድሜ የተጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሳትምበት፣ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራው 14ኛውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2003 ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሲሰጥ ነው። ቀጥሎ የሆነው ማንም ያልጠበቀው ነው። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጋበዘው። ሰባኛ ዓመቱ ላይ የደረሰ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰውና ጊታራቸውን የሚያስጮሁ ፐንኮች ይግባባሉ ብሎ የሚወራረድ አልነበረም። እሱ ግን ወደዳቸው። ጩኸቱ ለሽለላ የሚስማማ ነበርና፣ «ሞአ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» ደግሞ በ2012 አብረው ወጡ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ከማሕሙድ አሕመድና ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቷል።

ዴቪድ ቦዊ ጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሞት ዓለም በሙሉ አለቀሰ። እሱም በልጅነቱ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ሳክስፎን ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 26 ቀን፣ ጌታቸው በ81 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ አረፈ።

ፓሪስ ውስጥ እሱ ከተጫወተው ዜማ ስሙን የወሰደ «አካሌ ውቤ» የሚባል የፈረንሳይ ባንድ አለ። ጎበዞች ናቸው፤ ዜማውን አንድ በአንድ ይዘውታል። ሽለላው ላይ ሲደርሱ ግን የማንም ሰው ጣት ቢፈጥን ትንፋሹ የት እንደሚቆረጥ ከሸክላው ብቻ አይገኝም። ሐረጉ የተቆረጠው ፎካሪ ቃሉን በሚቆርጥበት ነውና፣ እሱን የፈለገ የሳክስፎን ተማሪ ጣርማ በርን ተሻግሮ ይፋት ወርዶ ሠርግ ቤት ይቀመጥ፤ የሚፎክር አያጣም።