የጋራ ኮርሶች በጅማ ዩኒቨርሲቲ

የጋራ ኮርስ ማለት ተማሪው የሚመረቅበት የሙያ ዘርፍ ምንም ይሁን ምን ዲግሪውን ለማግኘት የግድ የሚወስደው ትምህርት ነው። ተማሪዎች ባብዛኛው «ኮመን ኮርስ» ይሉታል። ነገ ሐኪም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ወይም የግብርና ባለሙያ የሚሆኑ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሥነ ልቦናና ሎጂክ የሚማሩት በዚህ ሥርዓት ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ትምህርት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አገር አቀፉ የአንደኛ ዓመት ወይም የፍሬሽማን ፕሮግራም ሲሆን፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ከተመሠረተባቸው ተቋማት የወረሰው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ሁለተኛው በኮመን ኮርስነት ባይጠራም፣ በሥራው ግን ለስሙ ከሁሉም ይበልጥ የተገባ ነው።

መነሻው

ከሙያ በፊት የጋራ መሠረት ማስያዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ሳያልፍ ወደ ዜማም ሆነ ወደ ቅኔ የሚገባ ተማሪ የለም። በጅማና በአካባቢዋ ባሉት የእስልምና ትምህርት ቦታዎችም ደረሳው ቁርኣን ሳይቀራ ወደ ፊቅህ አይሻገርም። በሌላው ዓለም ስመ ጥር የሆኑት ምሳሌዎች ከጦርነት ጋር የተያያዙ ናቸው። የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ የሆነውን የዘመናዊ ሥልጣኔ ኮርስ የጀመረው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ሃርቫርድ ስለ አጠቃላይ ትምህርት ያወጣው ታዋቂ ሪፖርትም የታተመው ሁለተኛው ጦርነት ባበቃበት በ1945 ነው። ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ጥያቄ ነበር፤ በየሙያው የተበታተነ ዜጋ ስለ አገሩ ጉዳይ በምን ቋንቋ ይነጋገራል?

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁን የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ተቋሙ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካደገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለ ግዴታ ተጨመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም በየትምህርት ቤቱ በመምህርነት ሠርተዋል። አንድ ተማሪ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ መሄዱ ለመመረቅ ቅድመ ሁኔታ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ኋላ በጅማ የታየው አሠራር የዚህ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የጋራውን የአንደኛ ዓመት ትምህርት መልክ ለወጠው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መሰናዶ ሲጀመር የፍሬሽማኑ ዓመት ይዘት ወደዚያ ወረደ፤ የብዙዎቹ ዲግሪዎች ቆይታም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት አጠረ። ተማሪው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወዲያው በአንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ይዘጋ ጀመር። ይህ ውሳኔ ብዙ ተማሪ በአጭር ጊዜ ለማስመረቅ ቢረዳም፣ ያስከፈለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። በኋላ የተዘጋጀው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ የጋራው ዓመት እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ፤ ፕሮግራሙም በ2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ዳግም ተጀመረ።

የአንደኛው ዓመት ኮርሶች

ከኮርሶቹ መካከል የእንግሊዝኛ ተግባቦት ክህሎት አንድና ሁለት፣ አጠቃላይ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ፣ የሥነ ምግባርና ዜግነት ትምህርት፣ አካቶነት፣ ሥራ ፈጠራ፣ ኢኮኖሚክስና የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ ይገኙበታል። ሒሳብ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ለየብቻ ይሰጣል። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የተፈጥሮ ሳይንሱ ድርሻ ናቸው። ሞጁሎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘጋጁ ስለሆኑ ጅማ ያለ ተማሪ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ያለው እኩያው የሚያነበውን ያነባል። ከሁሉም ብዙ ያከራከረው የታሪኩ ሞጁል ነው። ክርክሩ በራሱ ኮርሱ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል፤ ወጣቶች ስለ አገራቸው ያለፈ ዘመን በሰነድ ተደግፈው የሚከራከሩበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነውና።

የፍሬሽማን ተማሪ ግን ኮርሶቹን የሚያያቸው በሌላ ዓይን ነው። የአንደኛ ዓመት ጂፒኤ በዲፓርትመንት ምደባ ላይ ከባድ ሚዛን ስላለው፣ አንትሮፖሎጂም ሆነ ሎጂክ ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ለመግባት የሚቆጠር ነጥብ ይሆናል። ተማሪው ሞጁሉን ሸምድዶ ፈተናውን አልፎ ይረሳዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም የሚመዝነው የሙያውን ትምህርት እንጂ የጋራውን አይደለም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ደግሞ ሪሚዲያል የሚባለውን ፕሮግራም አስከተለ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ከጋራው ዓመት አስቀድመው የሁለተኛ ደረጃን ጉድለት መሙላት ተጨማሪ ሥራቸው ሆኗል።

ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው። የግብርናው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ጤና ኢንስቲትዩቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ከመነሻው ተማሪን ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ወደ መንደር የሚልክ ሥርዓት ይዞ ተነሣ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሥርዓት ከጤና አልፎ ወደ ሌሎች የትምህርት ዘርፎችም አስፋፋው፤ መፈክሩም «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው።

ተማሪዎች «ሲቢቲፒ» የሚሉት የማኅበረሰብ ሥልጠና በየደረጃው የሚካሄድ ነው። መጀመሪያ ቡድኑ በተመደበበት ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ መረጃ ይሰበስባል፣ ችግሮችን ለይቶ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ቀጥሎ ዕቅድ ያወጣል፣ ከነዋሪው ጋር አብሮ ይሠራል፣ በመጨረሻም ውጤቱን ይገመግማል። «ቲቲፒ» የሚባለው ደግሞ ወደ መመረቂያው የተጠጉ የልዩ ልዩ ጤና ሙያ ተማሪዎች እንደ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሸቤና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች በአንድ ጤና ጣቢያ ዙሪያ በቡድን የሚሠሩበት ነው። ነርሱ፣ ፋርማሲስቱና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያውቁት እዚያ ነው።

አንድ ቡድን ሄርማታ ተመደበ እንበል። ሄርማታ የጅማ ከተማ የበቀለችበት የጥንቱ ገበያ ነው፤ በጅማ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት ነበር። ተማሪው የመጠይቅ ወረቀቱን ይዞ አንድ ግቢ ይገባል፤ እማማ ቡና አፍልተው ይቀበሉታል። ወረቀቱ የሚጀምረው በቤተሰቡ ብዛት ነው፤ ወዲያው ግን ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ ሞተ ሕፃን ይጠይቃል። እንግዳ ሆኖ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ከወላይታ ወይም ከጎጃም የመጣ ተማሪ አፋን ኦሮሞ ካልቻለ ከቡድኑ አንዱ ያስተረጉምለታል። ሥነ ልቦናና አንትሮፖሎጂ የሚያስተምሩት ነገር ከሞጁሉ ወጥቶ ሰው የሚሆነው በዚህች ሰዓት ነው፤ አሃዝ የነበረው «ቤተሰብ» ስምና ፊት ያገኛል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በአጋሮና በሊሙ ዙሪያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና በየመፈልፈያው ይታጠባል። የሚወጣው ውሃ ስኳርና አሲድ የበዛበት ነው፤ ወንዝ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያብላሉት በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ታች ያለው ሰውና ከብትም ይቸገራል። በሌላ በኩል የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ የገበሬው ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደውም በዚያ ገንዘብ ነው። የኬሚስትሪ፣ የኢኮኖሚክስና የሥነ ምግባር ኮርሶች ለምን በአንድ ዓመት እንደሚሰጡ ለማስረዳት ከዚህ ወንዝ ዳር የተሻለ መማሪያ ክፍል አይገኝም።

ድካሙም አለ። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ መጓጓዣ፣ ተቆጣጣሪ መምህርና በጀት ያጥራል። ነዋሪውም በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቅ ይሰለቻል፤ ተማሪው መረጃ ሰብስቦ ሄዶ መፍትሔው ካልተመለሰለት በሩን ቢዘጋ አይፈረድበትም። አንዳንድ ቡድን ደግሞ ሪፖርቱን ዶርም ውስጥ ተቀምጦ ከቀደመው ዓመት ሪፖርት እየገለበጠ ይጽፋል፤ ይህ ለነዋሪውም ለተማሪውም ክህደት ነው። መፍትሔው ሥልጠናውን ማሳጠር ሳይሆን አንድ ቀበሌ ለተከታታይ ዓመታት በአንድ ዲፓርትመንት እንዲያዝና ያለፈው ቡድን የጀመረውን ቀጣዩ እንዲጨርስ ማድረግ ነው።

ጅማ ለተመደበ አዲስ ተማሪ አንድ ምክር ይገባዋል። ከመሄድህ በፊት ጥቂት አፋን ኦሮሞ ተማር፤ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና የቤተሰብ መጠሪያውን ብታውቅ እንኳ መጠይቅህን ራስህ ትሞላለህ።