ውሃ ቀጂዋ ምን ለብሳ ነበር?

«ምነው፣ ከሥራ ሳትቀይሪ መጣሽ?»

ባለፈው የካቲት 23 የአድዋን በዓል ለማክበር ማዓዲ በተሰበሰብን ጊዜ በር ላይ የተቀበለችኝ እህት ያለችኝ ይህን ነው። አልተቀየምኳትም። ውስጥ ያላችሁት ሁላችሁም አምራችሁ ነበር። ካባ የደረበች አለች፣ ከካርቶንና ከወርቃማ ወረቀት ዘውድ የሠራች አለች፣ እኔ ብቻ ስድስት ጣይቱ ቆጥሬአለሁ። እኔ ግን ጥለት የሌለው ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ወገቤን በመቀነት ጠምጥሜ፣ ጀርባዬ ላይ ገንቦ አዝዬ ነበር። ያንን ቀሚስ በእጄ ሰፍቼ ለመጨረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል፤ አርብ አርብ፣ ከእረፍቴ እየቀነስኩ። እኔም እንደ እናንተ የአድዋን ሰው ሆኜ ነበር የመጣሁት። ውሃ ቀጂዋን።

አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ግን የድሮ ልብስ መስፋትና መልበስ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ትምህርት ቤት ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት ታሪክ ሌላ ሆኖ ታየኝ። እሱን ልንገራችሁ።

መርፌ የያዝኩት እዚሁ ካይሮ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማዳም ዩኒፎርም ሰጠችኝ። የፊተኛዋ ሠራተኛ ዩኒፎርም ነው፤ ሁለት እኔን ይይዛል። ስሟንም አብራ ሰጠችኝ፤ ስድስት ወር ሙሉ በዚያች ልጅ ስም ነው የተጠራሁት። ስሜን ማስመለስ አልቻልኩም። ዩኒፎርሙን ግን መርፌና ክር ለምኜ፣ ማታ ማታ እየፈታሁ በልኬ አጠበብኩት። ያኔ እጄ መስፋት እንደሚወድ አወቅኩ።

ከዚያ አንድ ቀን በስልኬ አንድ ቀሚስ አየሁ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት የሚባል ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በሐር ክር ተጠልፏል። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ልብስ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቅደላ ለኛ የሰፈር ታሪክ ነው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን መጠጣታቸውን የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ንብረት ዘርፎ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወረደ። እቴጌዋና የሰባት ዓመት ልጃቸው አለማየሁ አብረው ተወሰዱ። እቴጌዋ በመንገድ ታመው ግንቦት ላይ አረፉ፤ መቀሌ አጠገብ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ እንግሊዝ ደርሶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። እናት መንገድ ላይ ቀረች፣ ቀሚሷ ለንደን ገባ።

ያንን ስልክ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ እጅጌው እንዴት እንደተቆረጠ ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ውርደት ነበር። ካባ እሠራለሁ ብዬ በሜትሮ ናስር ጣቢያ ወርጄ፣ ቡላቅ ወካለት አልበላህ ገብቼ፣ የሚያብረቀርቅ ሳቲን ገዛሁ። ሰፍቼ ስለብሰው የሆቴል መጋረጃ መሰልኩ። በዚያ ላይ ላቡ! በኋላ እንደገባኝ፣ የድሮ ልብስ የምንለው ብዙው ነገር የድሮ አይደለም። ለምሳሌ ለአድዋ በዓል ወንዶቹ ካኪ ለብሰው ሜዳልያ ይደረድራሉ። ያ የአምስቱ ዓመት አርበኞች መልክ ነው፤ ከአድዋ አርባ ዓመት በኋላ የመጣ። የአድዋ ዘማች አብዛኛው በእጀ ጠባብ፣ በሱሪና በሸማ ነው የዘመተው። ለምድና የአንበሳ ጎፈር የጀግናና የመኳንንት ነበር። ቀይ ጥለቱ ሰፊ የሆነው ጃኖም ለሁሉ የሚደረብ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ልብስ አፍ ነበረው። ሰው ሳይናገር ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት ሸማው ይናገርለታል። ጌታ ፊት የሚቀርብ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ማደግደግ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን የደረሰባት ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ታዘቀዝቃለች። ይህን የመጨረሻውን እኛም እዚህ አገር እንዳልጠፋብን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የቤተሰብ መርዶ በስልክ ሲመጣ፣ ከሻንጣ ሥር የምናወጣት ነጠላ እሷው ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጨርቁ ከየት መጣ? ጥጡን መዳመጥ፣ መንደፍ፣ ባዘቶ ማድረግ፣ ከዚያ በእንዝርት መፍተል የሴት ሥራ ነበር። ሽመናው የወንድ ነው፤ ሸማኔው ድርና ማጉን አዋቅሮ ይሠራል፤ ክሩን ግን ሴት ካልሰጠችው እጁን አጣምሮ ነው የሚቀመጠው። ነጠላ አንድ ድርብ ነው፣ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት። አንድ ጋቢ ለማውጣት ስንት ልቃቂት እንደሚፈልግ አያቴን ያየ ያውቃል። አያቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ እንዝርቷን ጭኗ ላይ እያሾረች፣ ቀኑን ሙሉ ፈትላ የሚገኘው ልቃቂት በመዳፌ ውስጥ ይገባ ነበር። በኋላ በኋላ ከውጭ አገር አቡጀዲድ መጥቶ ድካሙን ቀነሰው እንጂ፣ ያ ሁሉ ሸማ የሴት ጭን ላይ የዞረ ነው። የንጉሡ ጃኖም፣ የወታደሩ ኩታም፣ ለንደን የቀረው የእቴጌዋ ቀሚስም።

ታዲያ እነዚያ ፈታዮች ራሳቸው ምን ይለብሱ ነበር? በትልቅ ቤት ውስጥ ፈጪ አለች፣ እንጀራ ጋጋሪ አለች፣ ጠጅ ጣይ አለች፣ ውሃ ቀጂ አለች፣ እንጨት ለቃሚ አለች። ስማቸው ገረድ ነው። ልብሳቸው ሙዚየም አልገባም፤ እላያቸው ላይ አልቋል። ሲያልቅም ለልጅ ማዘያ፣ ከዚያ ለቁስል መጠቅለያ፣ ከዚያ ለድስት ማውጫ ሆኗል። የኔ ቀሚስ የነሱ ነው። አሰፋፉ ቀላል ነው። አካሉ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፤ እጅጌው ከላይ ሰፋ ብሎ አንጓ ላይ የሚጠብ። ብብት ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ትገባለች፤ እሷ ባትኖር ክንድሽን ወደ ላይ ስታነሺ ስፌቱ ይተረተራል። ገንቦ ለምታነሳ ሴት ዋናዋ ነገር እሷ ናት።

ደግሞ እነዚህ ሴቶች ዘማች ነበሩ። ያ ሁሉ ሠራዊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ትግራይ ሲደርስ ስንቁን የፈጨው፣ የጋገረው፣ የተሸከመው ማን ነው? በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ጣልያን ምሽጉ ውስጥ ሲከበብ፣ እቴጌ ጣይቱ ውሃውን አስይዘው ጠላትን በጥም እንዳስጨነቁት እናውቃለን። ውሃ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያውቅ ውሃ የቀዳ ነው። የካቲት 23 ዕለትም አድዋ ላይ ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ሲያደርሱ ዋሉ። ጣይቱን ሆናችሁ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ግን ስድስት ጣይቱ ባለበት አዳራሽ አንዲት ውሃ ቀጂ መጥፋቷ ልክ አልመሰለኝም።

ይሄ ነገር ካይሮንም ይነካል። ኤድዋርድ ሌን የሚባል እንግሊዛዊ እዚህ ከተማ ኖሮ በ1836 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በካይሮ ቤቶች ውስጥ ስለሚያገለግሉ የሐበሻ ሴቶች ጽፏል። ባሪያዎች ነበሩ፤ ተሽጠው የመጡ። እንግሊዝና ግብፅ የባሪያ ንግድን ለማስቆም ስምምነት የፈረሙት በ1877 እ.ኤ.አ. ነው። እኛና እነሱ አንድ ነን አልልም። እኛ ደመወዝ አለን፣ አርብ አለን፣ ስልክ አለን። ፓስፖርቱ በማን እጅ እንዳለ ደግሞ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ግን በሜትሮ ወደ መሐል ከተማ በሄድኩ ቁጥር፣ የድሮዎቹን ቤቶች የእንጨት መስኮት ቀና ብዬ ሳይ፣ ከኋላው የቆመች፣ ስሟ የተቀየረ የአገሬ ልጅ ትታየኛለች። የኔንም ስም ስድስት ወር ወስደውብኝ ስለነበር ይሆናል።

የዚያን ዕለት በር ላይ የጠየቀችኝን እህት «የለም፣ ቀይሬ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ቆይቶ እዚህ አገር ከሁላችንም በፊት የመጡት እትዬ (ስማቸውን አትጻፊ ብለውኛል) አጠገቤ ተቀመጡ። ምንም ሳይሉ ክንዴን አነሱና ብብቴ ሥር ያለችውን ቁራጭ ጨርቅ በጣታቸው ዳሰሱ። «ይቺን ማን አሳየሽ? እናቴ እንዲህ ነበር የምትሰፋው» አሉኝ። ከዚያ እናታቸው ሰው ቤት እንጀራ ጋጋሪ እንደነበሩ ነገሩኝ። ይህን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም።

ለሚቀጥለው የካቲት 23 አብራችሁኝ መስፋት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የሚያብረቀርቅ ሳቲን ተዉ፤ ያልነጣ፣ ተራ የጥጥ ጨርቅ ግዙ። ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት፣ ይሰበሰባል። ነጭ ክር፣ ሁለት መርፌና መቀስ ያዙ። አርብ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ቤት እገኛለሁ። እትዬም ይመጣሉ፤ የመቀነቱን አጠማጠም እሳቸው ያሳዩናል፣ እኔ አሁንም አላወቅኩበትም።