ጓዳ ያልገባው ሕግ፦ ሞግዚቶችና የጤና መድን መዋጮ

በዚህ ገጽ ዘወትር የምናነሳው የቤተ መንግሥትን ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ወደ ጓዳ ልወስዳችሁ እወዳለሁ። የአንድን አገር ሕግ ልክ ለማወቅ ከአደባባዩ ይልቅ ጓዳውን ማየት ይሻላል የሚል እምነት ካደረብኝ ሰንብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያስነሳብኝ እንዲህ ነው። በምኖርበት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ እንደ ታላቅ እኅቴ የማያቸው አንዲት እትዬ አሉ። ዕድሜያቸው 57 ነው። በዲቪ ዕጣ ከመጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት የሰው ልጅ በማሳደግ ነው። የመጀመሪያው ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ደመወዛቸውን በጥሬ ገንዘብ፣ በፖስታ አሽጎ ይሰጣቸው ነበር። ሁለተኛው ቤት ደግሞ አራት ዓመት ታክስ እየቆረጠ በቼክ ከፈላቸው። አሁን ሦስተኛ ቤት ሊገቡ ነው። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ ከቦርሳቸው ወረቀት አወጡ። አዲሶቹ አሠሪዎች የሰጧቸው የሥራ ውል ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። የሕክምናው ነገር የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉኝ።

አገላብጬ አየሁት። የዕረፍት ቀን አለ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፤ የሕፃኑ የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት ሳይቀር በዝርዝር ሰፍሯል። ስለ ሞግዚቷ ሕክምና ግን አንድም ቃል የለም። «የለም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው እንጠይቃቸዋለና!» አሉ።

ለመሆኑ አንዲት ሞግዚት የጤና መድኗን ጉዳይ በሰው ማድ ቤት ቆማ ብቻዋን የምትደራደርበት ሥርዓት ከወዴት መጣ? ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምረው ሁለት በሮች በሁለት የተለያዩ ዘመናት እንደ ተዘጉባት አየሁ።

የመጀመሪያው በር የተዘጋው በ1935 ነው። በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ሁለት ታላላቅ ሕጎችን አወጣ። አንደኛው ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር በኅብረት እንዲደራደሩ መብት የሰጠው የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው። ሁለተኛው የጡረታ መሠረት የሆነው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ነው። ሁለቱም ሕጎች የእርሻ ሠራተኛውንና የቤት ሠራተኛዋን ከበር መለሱ። በ1938 የወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግም የቤት ሠራተኛዋን ሳያቅፍ ቀረ። ምክንያቱ ምን ነበር? የታሪክ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ገሚሶቹ የጥቁሮች ጉልበት ርካሽ ሆኖ እንዲቀር የፈለጉት የደቡብ ግዛቶች ፖለቲከኞች ሥራ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከየቤቱ መዋጮ መሰብሰብ ለመንግሥት አስቸጋሪ መስሎ ስለ ታየ ነው ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ተቀጥረው ከሚሠሩት ጥቁር ሴቶች መካከል እጅግ ብዙዎቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ እነርሱም ውጭ ቀሩ።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። የ1935ቱ የሠራተኛ ሕግ ለፋብሪካው ሠራተኛ ድሩን አበረለት። ሞግዚቷን ግን አንዲት ክር ብቻ አድርጎ ተዋት።

ሁለተኛው በር የተዘጋው በጦርነቱ ዘመን ነው። በ1942 ኮንግረስ የኑሮ ውድነትን ለመግታት ደመወዝ ከልክ በላይ እንዳይጨምር የሚያግድ ሕግ አወጣ። ወጣቱ ወደ ጦር ሜዳ ዘምቷል፤ ፋብሪካዎች ሠራተኛ አጥተዋል፤ ደመወዝ ጨምሮ መሳብ ግን ተከልክሏል። በዚህ መካከል አንድ ቀዳዳ ተገኘ። የጤና መድንና የጡረታ ጥቅም፣ መጠኑ ተገቢ እስከ ሆነ ድረስ፣ እንደ ደመወዝ ጭማሪ አይቆጠርም ተባለ። ኩባንያዎችም ሠራተኛ ለመሳብ የሕክምና ወጪ እንሸፍናለን ይሉ ጀመር። በ1954 የታክስ ሕጉ ሲሻሻል፣ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና መድን የሚከፍለው ገንዘብ በሠራተኛው ላይ ታክስ እንደማያስከትል በማያሻማ ቃል ተደነገገ። እንግዲህ አሜሪካዊው ጤናውን በአሠሪው በኩል የሚያገኝበት ልማድ የተተከለው ማንም በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ሳይነድፈው፣ በጦርነት ጊዜ ብልሃት ነው።

ይህ ልማድ ለብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ተስማማው። መድን የሚሠራው ብዙ ሰው ተሰብስቦ ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ነውና አሥር ሺህ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ከመድን ድርጅት ጋር በእኩል አፍ ይነጋገራል። አንድ ሕፃንና አንዲት ሞግዚት ያሉበት ቤት ግን ምን መሰባሰቢያ አለው? የ2010ሩ የጤና ማሻሻያ ሕግ እንኳ መድን የማቅረብን ግዴታ የጣለው 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ባላቸው አሠሪዎች ላይ ነው። የሞግዚቷ አሠሪ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው ያለው፤ እርሷም ራሷ ናት።

በሁለቱ በሮች መካከል ሳለች አንዲት መስኮት ተከፈተችላት። በ1950 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲሻሻል፣ ከ1951 መጀመሪያ አንሥቶ በአንድ ቤት በቋሚነት የምትሠራ ሴት መዋጮ እንዲከፈልላት ተደነገገ። ይህን የሰሙ፣ በቴክሳስ ግዛት በማርሻል ከተማ የሚኖሩ እመቤቶች አመፁ። መንግሥት ያለ ደመወዝ ቀረጥ ሰብሳቢ አደረገን ብለው መዋጮውን አንከፍልም አሉ። መንግሥትም ገንዘቡን ከባንክ ሒሳባቸው ወሰደ። እመቤቶቹ ከሰሱ፤ በ1953 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተረቱ። የክርክሩ መንስኤ ከደመወዙ ላይ ከመቶ አንድ ተኩል አሠሪዋ፣ ከመቶ አንድ ተኩል ሠራተኛዋ የሚያዋጡት ገንዘብ ነበር። ቂሙ የመጣው ከገንዘቡ ብዛት አይመስለኝም። «ቤቴ የሥራ ቦታ አይደለም፤ እርሷም ሠራተኛ አይደለችም» የሚለው የቆየ ስሜት ነው የተነካው።

በ1965 ሜዲኬር ሲመሠረት ያቺ ትንሽ መዋጮ ሌላ ትርጉም አገኘች። ዕድሜው 65 የሞላ ሰው የሆስፒታል መድኑን ያለ ወርኀዊ ክፍያ ለማግኘት በአብዛኛው 40 ሩብ ዓመታት፣ ማለትም አሥር ዓመት፣ የተመዘገበ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ከደመወዙ 7.65 በመቶ ከአሠሪው፣ ያንኑ ያህል ከሠራተኛዋ ይሰበሰባል፤ ከዚህ ውስጥ 1.45 በመቶው የሜዲኬር ነው። እንግዲህ በፖስታ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ ዛሬ ሙሉ መስሎ ይታያል እንጂ የእርጅና ሕክምናን ከሥሩ የሚበላ ብል ነው። እትዬን አስቧቸው። ስድስቱ ዓመት ከአራቱ ጋር ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ 40ው ሩብ ዓመት ሞልቶላቸው ነበር። በእጃቸው ያለው ግን 16 ብቻ ነው።

ይህ ታሪክ የመገፋት ብቻ ነው ብዬ ብደመድም ግን ዋሾ እሆናለሁ። በ1881 በአትላንታ ከተማ 20 ያህል ጥቁር ልብስ አጣቢዎች ማኅበር መሠረቱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 3,000 ደረሰ፤ ለ12 ፓውንድ ልብስ አንድ ዶላር ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ። የከተማው ምክር ቤት የ25 ዶላር የፈቃድ ግብር እጥልባችኋለሁ ብሎ ቢያስፈራራቸው፣ ሥራውን ራሳችን የምንቆጣጠረው ከሆነ 25 ቀርቶ 50ም እንከፍላለን ብለው መለሱ። በዚያችው ከተማ በ1968 ዶሮቲ ቦልደን የተባለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ቤት የሠራች ሴት፣ የቤት ሠራተኞችን ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመች። ሴቶቹን ያገኘቻቸው ወደ ሥራ በሚሳፈሩበት አውቶቡስ ላይ ነው። አባል ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ ለምርጫ እንዲመዘገብ ግድ አለች። ሕጉ በኅብረት መደራደርን ስለ ነፈጋቸው፣ ቦልደን እያንዳንዷ ሴት ከእመቤቷ ፊት ቆማ እንዴት እንደምትደራደር አስተማረች። ክሮቹ በሕግ እንዳይፈተሉ ቢከለከሉም፣ እያንዳንዷን ክር ማጠንከር ግን ይቻላል ማለቷ ነበር። በ1974 የዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አቀፈ። በኮንግረስ ከተሟገቱላቸው አንዷ ሸርሊ ቺዝም ነበረች፤ የእርሷም እናት በሰው ቤት ሠርታለች።

ከዚያ በኋላ የሞግዚት መዋጮ ድንገት የቤተ መንግሥት ወሬ ሆነ። በ1993 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ያጩአት ዞይ ቤርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ባልና ሚስት በቤቷ ቀጥራ መዋጮአቸውን በወቅቱ ሳትከፍል መቅረቷ ታውቆ ከእጩነት ወጣች። የአገሩን ሕግ ልታስከብር የታጨች ሴት በጓዳዋ ሕግ አልነበረም! በማግሥቱ ዓመት ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለ። ከ1951 አንሥቶ ለሦስት ወር 50 ዶላር የነበረው መነሻ በዓመት 1,000 ዶላር ሆነ፤ በ2025 ደግሞ 2,800 ዶላር ደርሷል። ወረቀቱ ቀለለ፤ ልማዱ ግን በአንድ ጀንበር አልተለወጠም።

የእኛዋ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2008 ባወጣችው ሕግ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞች አሠሪው የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ አዘዘች። የኒው ዮርክ ግዛት የቤት ሠራተኞችን መብት ሕግ በ2010 አወጣ። በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 189ኛውን ስምምነት አጸደቀ። እትዬ በቦርሳቸው የያዙት ወረቀት የዚህ ሁሉ ትግል ፍሬ ነው። ውሉ እንዲጻፍ ሕግ ያዝዛል፤ በውሉ ውስጥ የሕክምና መዋጮ እንዲኖር ግን የሚያዝ የለም። ያን መሙላት ለአፏ ተትቷል።

አገራችንስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአሠሪው ጋር የሚኖርን ሠራተኛ ጤንነት አሠሪው እንዲጠብቅ ያዝዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት የሠራተኛ አዋጆች ሦስቱም የቤት ሠራተኛዋን ከመደበኛው የሠራተኛ ሕግ ውጭ አደረጓት፤ ጉዳይዋ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተባለ። ከ1985 እስከ 2011 ዓ.ም. 26 ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የተወለደች ሕፃን አድጋ፣ ተቀጥራ፣ የሌላ ሰው ልጅ አዝላለች። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ የሚሰበስበው በቤተሰብ ነው። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምታድረው ልጅ በየትኛው ቤተሰብ ትቆጠር?

«እርሷማ ልጃችን ናት» የሚል መልስ እንደምንሰጥ አውቃለሁ። እኔም ያደግሁት እንዲህ በሚባልበት ቤት ነው። የማርሻል እመቤቶችም «እንደ ቤተሰባችን ናት» ሳይሉ አልቀሩም። እንግዲህ ልጠይቅ፦ ቤተሰብ ከሆነች በቤተሰቡ የመድን ደብተር ላይ ስሟ ለምን የለም? ቤተሰብ ካልሆነች ደግሞ ሠራተኛ ናትና የሠራተኛ መብቷ የት አለ? ከሁለቱ አንዱን ልንመርጥ ይገባናል። ሲመቸን ልጅ፣ ሲከብደን ባዳ ማድረግ ግን ፍርድ አይደለም።

ወደ እትዬ ልመለስ። አሠሪዎቹ ሁለቱም የተማሩ፣ ትሑት ሰዎች ናቸው። ጥያቄውን ሲሰሙ በመጀመሪያ ያሉት «መድኑ ይቅርና በወር ጥቂት ዶላር በእጅ እንጨምርልዎት» ነው። እትዬ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ «ምን ይሻላል?» አሉኝ። የ1954ቱን ሕግ ያነሣሁት ያኔ ነው። በእጅ የሚጨመር ደመወዝ ታክስ ይቆረጥበታል፤ ለመድን በሥርዓቱ የሚከፈል ገንዘብ ግን አይቆረጥበትም። በ2016 መጨረሻ የወጣ ሕግም ትንንሽ አሠሪዎች ሠራተኛቸው ራሷ ለገዛችው መድን ወጪዋን እንዲተኩላት መንገድ ከፍቷል። ይህ ግን ከመንግሥት ከምታገኘው ድጎማ ላይ ሊቀንስባት ስለሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ሁሉንም ቁጭ ብለን በወረቀት አሰላነው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ የወርኀዊውን ክፍያ ግማሽ አሠሪዎቹ፣ ግማሹን እትዬ። ደመወዙም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንዲመዘገብ በውሉ ላይ አንዲት መስመር ተጨመረች።

ስንወጣ «ስድስቱን ዓመትስ ማን ይመልስልኛል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ከዚህ ወዲያ ስድስት ዓመት ሳይቋረጥ ከሠሩ፣ በ63 ዓመታቸው 40ው ይሞላል። እስከዚያ ድረስ ጉልበታቸውም ወገባቸውም እንዲጸናላቸው መጸለይ ነው።

በአካባቢያችሁ በፖስታ ጥሬ ገንዘብ የምትቀበል እኅት ካለች ይህን ንገሯት። በአገር ቤትም ሆነ እዚህ በቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ወደ ጓዳችሁ ገብታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህች ሰው ብትታመም የሚያሳክማት ማን ነው?

ቸር ይግጠመን።