የካርሎስ ጎስን ደመወዝ

አሽረፊዬ የምትሠሩ እህቶች ሮዝ ቀለም የተቀባውን የካርሎስ ጎስን ቤት በደጁ ስታልፉ አይታችሁት ይሆናል። የትልልቅ ድርጅት ኃላፊዎች ያ ሁሉ ደመወዝ ይገባቸዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከእሱ የቀረበ ምሳሌ የለንም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ሰውየው በ1954 ብራዚል ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቤይሩት ነው። በ1999 የፈረንሳዩ ሬኖ፣ በዕዳ የተዘፈቀውን የጃፓኑን ኒሳን እንዲያድን ላከው። ዕቅዱ 5 ፋብሪካ መዝጋትና 21,000 የሥራ ቦታ መቀነስ ነበር። ካላተረፍን ሥራዬን እለቃለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ኒሳንም በቀጣዩ የሒሳብ ዓመት አተረፈ። ይሄ አይካድም። ግን ለዚያ ትርፍ ሥራቸውን ያጡት ሰዎችም ከፍለዋል፤ ስማቸውን የሚያነሳ የለም እንጂ።

በ2010 ጃፓን ከ100 ሚሊዮን የን በላይ የሚከፈለው ኃላፊ ደመወዙ በስም እንዲገለጽ አዘዘች። የጎስን 890 ሚሊዮን የን ሆኖ ወጣ፤ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። በኅዳር 2018 ቶኪዮ ላይ ሲታሰር፣ ዐቃቤ ሕግ ወደፊት የሚከፈለውን ሌላ ገንዘብ ደብቋል አለ፤ እሱ ደግሞ አልደበቅኩም አለ። ከጃፓን ያመለጠበትን የሣጥኑን ታሪክ ሁላችሁም ስለሰማችሁት ልለፈው።

እኔን የበለጠ የገረመኝ በ2016 የሆነው ነው። የሬኖ ባለአክሲዮኖች፣ ማለትም ባለቤቶቹ፣ 54 በመቶው ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የነበረውን ክፍያውን አንፈልግም ብለው ድምፅ ሰጡ። ቦርዱ ግን ክፍያውን አጸደቀለት! ድምፁ ለካ ምክር ብቻ ኖሯል። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉን ቀይራ አስገዳጅ አደረገችው።

ጎስን በጥር 2020 እዚህ ቤይሩት በሰጠው መግለጫ፣ ጄኔራል ሞተርስ በእጥፍ ደመወዝ ቢጠይቀኝ እምቢ ብዬ ነበር ብሏል። እንግዲህ የገበያ ዋጋዬ ነው ማለቱ ነው። በእኔ ግምት ለ1999ኙ ሥራው ጥሩ ክፍያ ይገባዋል፤ ባለቤቶቹ እምቢ ያሉት ግን አይገባውም። የማትስማሙ እሁድ እንከራከር።

ገበያ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን። ደመወዝ ይጨመርልን ስንል ቢሮዎቹ የሚመልሱልን እኮ ይሄንኑ ነው፤ “የሐበሻ ዋጋ ይሄ ነው” ይላሉ። እዚያው ሕንፃ ላይ ያለችው ፊሊፒናዊት እንደኛው ወለል ወልውላ፣ ልብስ ተኩሳ፣ ከእኛ በብዙ የሚበልጥ ታገኛለች። ልዩነቱ የእጅ ሥራ አይደለም፤ ፓስፖርት ነው። ፓስፖርቱም በራሱ አይደለም ዋጋ ያወጣው፤ የፊሊፒን መንግሥት በ2006 ዜጎቼ ለቤት ሥራ ከ400 ዶላር በታች አይቀጠሩም ብሎ ስለወሰነ ነው። ታዲያ ገበያ የሚባለው ስንት እንደሚከፈል ይነግረናል እንጂ ለማን ስንት እንደሚገባ ከየት ያውቃል?

የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ያስወጣል። ስለዚህ ለእኛ ደመወዝ የምክርም ሆነ አስገዳጅ ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ የለም።