የአዲስ አበባ ባሕር ዛፍና የመንገድ ዳር ቈረጣ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳይቈይ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር እንደ ደረሰባት የታወቀ ነው። የእንጦጦ ጽድ በምሳር እየተመነጠረ ስላለቀ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ከቦታዋ እንዳትነቀል ከረዷት ነገሮች ዋናው በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ታሪክ ከእኛ በፊት ብዙዎች ጽፈውታል። እኛ ልናመለክት የምንፈልገው ስለ ተከላው ሳይሆን ስለ ቈረጣው ነው። ጽድ አንዴ ከተቈረጠ የሚቀረው ጉቶ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው እያቈጠቈጠ ባለቤቱን ደጋግሞ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ቈራጩ ጉቶውን መጠበቅ እንጂ መንቀል አልለመደም። ይህ በጓሮ ጥበብ ነው፤ በመንገድ ዳር ግን አደጋ ሆነ። ከጉቶው ቅርፊት ሥር የሚበቅሉት አዳዲስ ግንዶች እንደ ፊተኛው ግንድ የጸና መጋጠሚያ የላቸውም፤ ጉቶው ሲበሰብስ ነፋስ ይገነጥላቸዋል። በዚያም ላይ የመንገድ ዳር ዛፍ ብርሃን ወዳለበት ወደ መንገዱ ቅርንጫፉን ስለሚያበዛ ክብደቱ ወደዚያው ያደላል።

እንዲህ ያለውን ዛፍ ዙሪያውን በምሳር እየከተከቱ በገመድ ቢስቡት፣ የሚወድቅበትን የሚወስነው ሳቢው ሳይሆን ክብደቱ ነው። ደኅናው ዘዴ በሚወድቅበት በኩል እንደ ተከፈተ አፍ አድርጎ መቅረጽ፣ ከዚያ በጀርባው ከአፉ ወለል ጥቂት ከፍ ብሎ መገዝገዝ ነው። በመካከሉ የግንዱ ውፍረት አንድ ዐሥረኛ ያህል ሳይቈረጥ ይተዋል፤ እርሱም እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየመራ ያወርደዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የሞተር መጋዝ ሥራውን አፋጠነ እንጂ ይህን ሕግ አልለወጠም፤ እንዲያውም ላልተማረ ሰው ማጠፊያውን ሳይታወቀው ቈርጦ መጨረስን አቀለለለት። በእኛ አስተያየት ጊዜ የሚተርፈው ከመጋዙ ይልቅ ከዝግጅቱ ነው። መንገዱን በሁለቱም ወገን ከዛፉ ቁመት እጥፍ ርቆ መዝጋት፣ ገመዱን ከፍ አድርጎ ማሰር፣ የቈራጩን መሸሻ ወደ ኋላ በሰያፍ መጥረግ ያስፈልጋል። ቤት ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ግን ከጫፍ እየቈረጡ በገመድ ማውረድ እንጂ ሌላ መንገድ የለም።

ጉቶው ከቀረ ሥራው ገና ግማሽ ነው። በሜዳ ላይ ያለው ተቈፍሮ ይወጣና ጉድጓዱ ወዲያው ተሞልቶ ይደለደላል፤ አለዚያ የመንገዱ ጠርዝ በክረምት ይናዳል። በዳገት ላይ ያለው ግን አፈሩን የያዘው ሥሩ ስለሆነ፣ ሥሩን ትቶ ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ እየደጋገሙ መቀንጠስ ይሻላል።