የመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች፦ የምሩጽ ይፍጠር የሩጫ ዘመን

ምሩጽ ይፍጠር ስሙን ያስጠራው ውድድሩ ሊያልቅ 300 ሜትር ያህል ሲቀር በሚያደርገው ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ከመሪዎቹ ኋላ ተጠግቶ ይሮጣል፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ ግን ድንገት ሲፈተለክ ተከትሎት መግባት የሚችል ሯጭ ብርቅ ነበር። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለውም በዚሁ ነው።

የተወለደው አዲግራት አካባቢ ነው። በሯጭነት የታወቀው አየር ኃይል ከገባ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ አትሌቲክስ መፍለቂያው ጦር ሠራዊቱ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ።

በውጭ አገር ስሙ የተሰማው በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ አጋጣሚው አሳዛኝ ነበር። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ፣ በ5 ሺህ ሜትር ከስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር ሲፎካከር ዙር መቁጠር ተሳሳተ። አንድ ሙሉ ዙር እየቀረው የመጨረሻውን ሩጫ ሮጠ፤ አሜሪካዊውን ጥሎት ሄደ፤ ጨረስኩ ብሎም ቆመ። ፕሪፎንቴን ሩጫውን ቀጥሎ አሸነፈ። ምሩጽ ግን በዚያው ውድድር በ10 ሺህ ሜትር ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ ገባ። ጉልበቱ ያን ጊዜም ሙሉ ነበር፤ የጎደለው መቼ እንደሚነሳ ማወቁ ነበር፤ ኋላ የተካነውም ይህንኑ ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ፣ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወድቆ ተነስቶ የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረበት የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ምሩጽ ሦስተኛ ወጣ። በ5 ሺህ ሜትር ግን በሰዓቱ መነሻው ላይ ባለመገኘቱ ሳይሮጥ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። አንድ ሯጭ በብርታቱ ዘመን ኦሎምፒክ ሲያመልጠው ያንን የሚክስ ነገር የለም። ያም ሆኖ በ1969 በዱሰልዶርፍ፣ በ1971 ደግሞ በሞንትሪያል በተደረጉት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ሁለቱንም ርቀት በማሸነፍ የማንነቱን ልክ አሳየ።

ለሞስኮ ኦሎምፒክ የደረሰው በ1972 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ጋዜጠኞች ሲከራከሩ፣ የአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ልጆች ሥራቸውን ተከፋፍለው ነበር። በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ተፎካካሪዎቻቸውን አደከሟቸው። መጨረሻው ላይ ምሩጽ ተፈተለከና በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ አንደኛ ገባ፤ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ሐምሌ 25 ቀን በተደረገው የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ በመጨረሻው ዙር ሯጮች ከፊትና ከጎን አጥረውት ነበር። ቀዳዳ ሲያገኝ ሾልኮ ወጣ፤ ታንዛኒያዊውን ሱሌይማን ኛምቡይን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ቀደመው። አሜሪካና ሌሎች አገሮች በመቅረታቸው ድሉን ለማሳነስ የሞከሩ አሉ፤ በሁለቱ የዓለም ዋንጫዎች ያስመዘገባቸው አራት ድሎች ግን ለዚህ በቂ መልስ ናቸው።

ያን ድል በአርሲ ገጠር በሬዲዮ ከሰሙት ሕፃናት አንዱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ ሯጭ የመሆን ምኞቱ ያደረበት ያኔ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ምሩጽ ኋላ ኑሮውን በካናዳ አድርጎ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ አረፈ። ከእሱ በኋላ በአንድ ኦሎምፒክ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን አጣምሮ ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ ወንድ ሯጭ የተገኘው ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ነው፤ እሱም ቀነኒሳ በቀለ ነው።